ፌሬቶችና የአድሬናል ሕመም፦ በስድስት ሳምንት የተጀመረ ቆጠራ

በአሜሪካ የእንስሳት መሸጫ መደብሮች ከመስታወት ጀርባ ስትዘል የምትታይ፣ ፌሬት የሚባለው ትንሽ ለማዳ እንስሳ ግልገል ብዙ ጊዜ ጆሮዋ ላይ ሁለት ትናንሽ ነጥቦች ተነቅሰውባታል። ነጥቦቹ በኒውዮርክ ግዛት የሚገኘው የማርሻል ትልቅ እርባታ ምልክት ናቸው። ግልገሏ ለገበያ ከመቅረቧ በፊት እንድትመክን መደረጓን፣ በጅራቷ ሥር ያሉት የጠረን ከረጢቶችም መውጣታቸውን ይናገራሉ። ይህ ሁሉ የሚፈጸመው ስድስት ሳምንት ገደማ ሲሞላት ነው። ገዢው ነገሩን እንደ ምቾት ይቆጥረዋል፤ ሽታዋ ቀንሷል፣ የመራባት ጣጣ የለባትም፣ ሐኪም ቤት መመላለስም ቀርቶለታል። ከሦስትና ከአራት ዓመት በኋላ የጅራቷ ፀጉር መርገፍ ሲጀምር ያን ቀዶ ጥገና የሚያስታውስ ሰው አይገኝም። ዘይት ይቀባል፣ ምግብ ይቀየራል፣ ሻምፑ ይገዛል።

የፀጉሩ መርገፍ ግን የቆዳ ጉዳይ አይደለም። ከኩላሊት አጠገብ የምትገኘው አድሬናል የምትባል ዕጢ ከልክ በላይ የጾታ ሆርሞን ማመንጨት መጀመሯን የሚያሳይ ምልክት ነው። የአድሬናል ሕመም በመካከለኛና በከፍተኛ ዕድሜ ላይ በሚገኙ የአሜሪካ ፌሬቶች ላይ በብዛት ከሚታዩ በሽታዎች አንዱ ነው። ብዙ ባለቤቶች እንደ ዕድል ወይም እንደ እርጅና ይቀበሉታል። እኔ ግን መነሻ ቀኑ የሚታወቅ፣ የሚመጣበትም ጊዜ በግምት ሊቆጠር የሚችል ሕመም አድርጌ ነው የማየው። እንዲህ የሚያየው ባለቤት የሚጠብቀውም፣ ለሐኪም የሚያነሳውም ጥያቄ ይለያል።

ፌሬት ለብዙ የአማርኛ አንባቢ እንግዳ እንስሳ ነው። ሰውነቱ ረጅምና ቀጭን፣ እግሩ አጭር ነው፤ ሥጋ በል ሲሆን ፖልካት ከሚባል የአውሮፓ የዱር አውሬ የተላመደ ነው። ሰዎች ጥንቸልን ከጉድጓዷ ለማስወጣት ሲጠቀሙበት ከ2000 ዓመት በላይ ሆኗል። ሴቷ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ኪሎ አትበልጥም፤ ወንዱ እስከ ሁለት ኪሎ ይደርሳል። ዕድሜው ከአምስት እስከ ስምንት ዓመት ነው፤ ይህን ቁጥር አንባቢ ይያዝልኝ፣ ወደ ኋላ ያስፈልገናል። በአሜሪካና በአውሮፓ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉ ኢትዮጵያውያን ወላጆች ልጃቸው አንድ ቀን ይህን እንስሳ ካልገዛችሁልኝ ሊላቸው ይችላል። ሎስ አንጀለስ ለሚኖሩት ግን ጥያቄው ገና ከመነሳቱ ያበቃል፤ ካሊፎርኒያ ፌሬትን ለማዳ እንስሳ አድርጎ ማሳደግን የከለከለችው እ.ኤ.አ. በ1933 ነው፣ ክልከላውም አልተነሳም።

አሁን ወደ ዕጢዋ እንግባ። በጤናማ እንስሳ አንጎል ውስጥ ያለው ሃይፖታላመስ አንድ ሆርሞን ይልካል፤ ያ ሆርሞን ፒቱታሪ የተባለችውን ዕጢ ያነቃቃል፤ ፒቱታሪ ደግሞ በደም በኩል ለእንቁልጢ ወይም ለወንዱ የዘር ፍሬ መልእክት ታስተላልፋለች። እነሱም ኤስትሮጅን ወይም ቴስቶስቴሮን ያመነጫሉ። የእነዚህ ሆርሞኖች መጠን ሲጨምር አንጎል ይረካና ትእዛዙን ይቀንሳል። ፌሬቷ ስትመክን የተወገደው የዘር ፍሬ ወይም እንቁልጢ እንጂ አዛዡ አንጎል አይደለም። ስለዚህ በቂ ነው የሚል ምላሽ ሳይሰማ ዓመት ከዓመት ማዘዙን ይቀጥላል። የተጠራው ሰው ቤቱን ለቅቆ ሲሄድና ጥሪው ሳይቋረጥ ሲቀር፣ በመጨረሻ አቤት የሚለው ጎረቤት ነው። ጎረቤቷ እዚህ ላይ የአድሬናል ዕጢ ናት።

አድሬናል አቤት ለማለት የምትችልበት ምክንያት አላት። በፅንስ ጊዜ የአድሬናል ዕጢ ውጫዊ ክፍልና የመራቢያ ዕጢዎች የሚሠሩት ከአንድ የጋራ ኅብረ ሕዋስ ነው። በኋላ ቢለያዩም በአድሬናል ውስጥ የመራቢያ ዕጢ ጠባይ ሊይዙ የሚችሉ ሕዋሳት ተኝተው ይቀራሉ፤ የፒቱታሪን መልእክት የሚቀበሉበት በርም አላቸው። ለዓመታት የማያቋርጥ ጥሪ ሲደርሳቸው መጀመሪያ ይበዛሉ፣ ዕጢዋም ትወፍራለች። ቀጥሎ ዕባጭ ይሆናሉ። ዕባጩ አደገኛ ያልሆነ ሊሆን ይችላል፣ ወደ ካንሰርም ሊለወጥ ይችላል። በየትኛውም ደረጃ ላይ ቢሆኑ ኢስትራዲዮል፣ አንድሮስቴንዲዮን እና ሌሎች የጾታ ሆርሞኖችን ያመነጫሉ። ከዓመታት በፊት የመከነችው ፌሬት የወሲብ ወቅት ላይ ያለች የምትመስለው ለዚህ ነው።

ማኮላሸት ለእኛ አገር ሰው አዲስ ነገር አይደለም። ሙክት የማያውቅ የለም። ሙክቱ ግን ሰብቶ ለበዓል ይታረዳል እንጂ ሆርሞኑ ከዓመታት በኋላ ምን እንደሚያደርገው የሚጠብቅለት ሰው የለም። ተመራማሪዎች ዕድሜያቸው እንዲረዝም የተደረጉ የተኮላሹ ፍየሎችን መርምረው በአድሬናል ዕጢያቸው ላይ ተመሳሳይ ዕባጮችን አግኝተዋል። በአንዳንድ የላቦራቶሪ አይጥ ዘሮችም የመራቢያ ዕጢው ሲወጣ አድሬናሉ ዕባጭ እንደሚያበቅል ከ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ጀምሮ ይታወቃል። ፌሬትን ልዩ የሚያደርጋት ይህ ጠባይ በእሷ ላይ እጅግ መጉላቱና፣ ጎልቶ እስኪታይ ድረስም አብሯት የሚኖር ቤተሰብ ያላት መሆኑ ነው።

በሽታው በሳይንሳዊ መጽሔት ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የተገለጸው እ.ኤ.አ. በ1987 ነው፤ ፌሬት በአሜሪካ ቤቶች ፋሽን መሆን የጀመረበት ዘመን ነበር። ዋናውን ፍንጭ የሰጠው ግን በኔዘርላንድስ ኡትሬክት ዩኒቨርሲቲ በእንስሳት ሐኪሙ ኒኮ ስሁማከር የተመራና እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣ ጥናት ነው። በኔዘርላንድስ ፌሬቶች የሚመክኑት በአብዛኛው አንድ ዓመት ገደማ ሲሞላቸው ነው። ተመራማሪዎቹ ፌሬቶቹ የመከኑበትን ዕድሜ በሽታው ከታወቀበት ዕድሜ ጋር ሲያነጻጽሩ ሁለቱ ተያይዘው ሲሄዱ አገኙ፤ በመካከላቸው ያለው ጊዜ በአማካይ ሦስት ዓመት ተኩል ገደማ ነበር። በዳሰሳው ከተካተቱት ፌሬቶች መካከል የታመሙት ከመቶ አንድ እንኳን አይሞሉም።

ይህ ጥናት ብዙ ጊዜ በተሳሳተ መንገድ ሲጠቀስ አያለሁ። በልጅነት ማምከን በሽታውን ያመጣል፣ ዘግይቶ ማምከን ያድናል ይባላል። ጥናቱ የሚለው ከዚህ ትንሽ ለየት ይላል። ቆጠራው የሚጀምረው እንስሳው በመከነበት ቀን ነው፣ ያ ቀን የትኛውም ይሁን። በስድስት ሳምንቷ የመከነች ፌሬት አራተኛ ዓመቷን ሳትሻገር ሕመሙ ሊደርስባት ይችላል፤ በአንድ ዓመቷ የመከነችው አምስተኛ ዓመቷ ላይ ወይም ከዚያ በኋላ። ዕድሜዋ ከአምስት እስከ ስምንት ዓመት ለሆነ እንስሳ አንድ ዓመት ማትረፍ ትልቅ ነገር ነው፤ ብዙዎቹ በሽታው ሳይደርስባቸው በሌላ ምክንያት ይሞታሉ። ያም ሆኖ ዘግይቶ ማምከን ከሕመሙ ነፃ አያወጣም። የማምከኛውን ቀን የሚያውቅ ባለቤት ግን መቼ ዓይኑን መክፈት እንዳለበት ያውቃል።

ታዲያ እርባታዎቹ ለምን ይቸኩላሉ? ግልጹ ምክንያት ንግድ ነው፤ ግልገል የሚሸጠው ትንሽና ለስላሳ ሳለ ነው፣ ገዢም ተጨማሪ ሥራ የማይጠብቀው እንስሳ ይፈልጋል። ይሁንና አለማምከን ቀላል አማራጭ እንደሆነ አድርጎ ማቅረብም ሐቀኝነት አይደለም። ሴት ፌሬት እንቁላሏን የምትለቀው ወንድ ሲያገኛት ብቻ ነው። ወንድ ካላገኘች የወሲብ ወቅቷ ለወራት ይዘልቃል፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ ከእንቁልጢዋ የሚፈሰው ኤስትሮጅን የአጥንቷን መቅኒ ያዳክማል። መቅኒው ደም መሥራት ሲያቆም ከባድ የደም ማነስና መድማት ይከተላል፣ ትሞታለች። ያልመከነ ወንድ ደግሞ ጠረኑ ቤት አያስገባም፣ ከሌሎች ወንዶችም ጋር ይጣላል። በእንግሊዝ ለአደን ፌሬት የሚያረቡ ሰዎች ለዚህ የቆየ መላ አላቸው፤ የዘር ቧንቧው የታሰረ ወንድ ያስቀምጣሉ፣ ወይም በየዓመቱ ለሴቷ የሆርሞን መርፌ ያስወጋሉ። በአፓርታማ ለሚኖር ቤተሰብ ይህ ብዙ አያዛልቅም። ስለዚህ የሚያከራክረው ማምከን አለማምከኑ ሳይሆን እንዴትና መቼ የሚለው ነው።

ምልክቶቹን መለየት ከባድ የሚሆነው ሕመሙ በአንድ ቀን ስለማይመጣና በመሃል የዳነ መስሎ ስለሚያታልል ነው። የተለመደው አጀማመር በጅራቷ ነው። ፀጉሩ መጀመሪያ ይሳሳል፤ ከዚያ ከጅራቷ ሥርና ከዳሌዋ ተነሥቶ በሁለቱም ጎን እኩል ወደ ፊት ይሄዳል። ጭንቅላትና እግር አብዛኛውን ጊዜ መጨረሻ ላይ ይቀራሉ። ሁለቱም ጎን እኩል መሆኑ ዋናው ፍንጭ ነው፤ እከክ፣ ላሽ ወይም ቁንጫ እንዲህ የተመጣጠነ መራቆት አያመጡም። ከፀጉሩ ሥር ያለው ቆዳ ብዙ ጊዜ ንጹሕ ነው፤ እየሳሳ ይሄዳል እንጂ አይቆስልም። ጥቂት የማይባሉት ግን አጥብቀው ያካሉ፤ ፀጉራቸው ሳይረግፍ ማሳከኩ ብቻ የሚቀድምባቸውም አሉ።

ፌሬት በፀደይና በመጸው ፀጉሯን የምትቀይር እንስሳ ናት። የመጀመሪያው የሕመም ዓመት ብዙ ጊዜ እንዲህ ያልፋል፦ ቀኑ በሚረዝምበት በፀደይ ጅራቷ ይራቆታል፣ ባለቤቱ ይደነግጣል፣ መጸው ሲገባ ፀጉሩ ተመልሶ ያድጋል፣ ባለቤቱ ተመስገን ይላል። በሚቀጥለው ፀደይ መራቆቱ ከዳሌዋ አልፎ ይመጣል። ዘይቱ ወይም አዲሱ ምግብ ሠርቷል የሚል እምነት የሚበቅለው በዚህች የመጸው ዕረፍት ውስጥ ነው፤ ፀጉሩን የመለሰው ግን የቀኑ ማጠር ነበር። ጅራት ብቻ ለአጭር ጊዜ መራቆቱና ቆዳው ላይ ጥቋቁር ነጠብጣቦች መታየታቸው ደግሞ ራሱን የቻለ ቀላል ነገር ሊሆን ይችላል፤ በየዓመቱ እየሰፋ የሚመጣው ግን መመርመር አለበት።

በሴቷ ላይ ከፀጉሩ ይልቅ የሚያስተማምነው ምልክት የብልት ማበጥ ነው። የመከነች ሴት ፌሬት ብልቷ ነጥብ የሚያህል ነው፤ አብጦ ከታየ ሰውነቷ ውስጥ ኤስትሮጅን የሚያመርት ነገር አለ ማለት ነው። በቀዶ ጥገናው ወቅት የተረፈ የእንቁልጢ ቁራጭም ይህን ሊያደርግ ይችላል፤ የሦስት ዓመት ፌሬት ላይ በድንገት ሲታይ ግን መጀመሪያ የሚጠረጠረው አድሬናል ነው። በወንዱ ላይ የሚታየው የጠባይ ለውጥ ነው፤ የተረሳው ጠረን ይመለሳል፣ የቤት ጓደኞቹን ማጅራታቸውን ነክሶ ይጎትታል፣ ይወጣባቸዋል። ቤተሰቡ ተቆጣ ወይም ባለገ ይለዋል እንጂ ታመመ አይለውም። ሕመሙ ሲቆይ በሁለቱም ላይ ጡንቻ ይሟሽሻል፣ ሆዳቸው ወደ ታች ይንጠለጠላል፣ እንቅልፍ ይበዛባቸዋል።

በወንዱ ላይ ግን ቀጠሮ የማይጠብቅ አንድ ሁኔታ አለ። የጾታ ሆርሞኖቹ በፕሮስቴቱ ዙሪያ ያለውን ሕዋስ ያሳብጡታል፣ ውኃ የቋጠሩ ከረጢቶችም ይፈጥራሉ፤ እነዚህ የሽንት ቧንቧውን ያንቁታል። ፌሬቱ ወደ መጸዳጃው ሣጥን ይመላለሳል፣ ያምጣል፣ ጠብታ ብቻ ይወጣዋል ወይም ምንም አይወጣውም፤ አንዳንዱ ያለቅሳል። ብዙ ባለቤት የሆድ ድርቀት ነው ብሎ ያሳድረዋል። ሽንት ሙሉ በሙሉ ከተዘጋ በደሙ ውስጥ ፖታሲየም ይጠራቀማል፣ ልቡም በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ሊቆም ይችላል። ስለዚህ ሌሊትም ቢሆን ወደ ድንገተኛ ሕክምና ክፍል መሄድ ነው። ለሐኪሙም ሥራው ቀላል አይደለም፤ የፌሬት የሽንት ቧንቧ እጅግ ጠባብ ሲሆን በብልቱ ውስጥ ያለው አጥንት ጫፉ የተቆለመመ ስለሆነ ቱቦ ማስገባት ልምድ ይጠይቃል። መዘጋቱን ያመጣው የአድሬናል ዕጢ ከወጣ ወይም በመድኃኒት ከተገታ ፕሮስቴቱ በቀናት ውስጥ መቀነስ ይጀምራል።

ምርመራው ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ውሾች የአድሬናል ሕመም ሲይዛቸው የሚበዛው ኮርቲሶል ነው፣ ሐኪሞችም የለመዱት የኮርቲሶልን ምርመራ ነው። የፌሬቶች ኮርቲሶል ግን አብዛኛውን ጊዜ ትክክለኛ መጠኑን እንደያዘ ነው። በውሻ ዓይን የተመረመረች ፌሬት አድሬናሏ ደህና ነው ተብላ ወደ ቤቷ ልትመለስ ትችላለች። ለፌሬት የሚሠራው የደም ምርመራ የጾታ ሆርሞኖችን የሚለካ ነው፤ በአሜሪካ ለዚህ የሚታወቀው በቴነሲ ዩኒቨርሲቲ የሚሠራው የሦስት ሆርሞኖች ልኬት ነው። እሱም ቢሆን ትክክለኛ ውጤት ማሳየቱ በሽታው የለም ማለት አይደለም። አልትራሳውንድ የትኛው ዕጢ እንደወፈረ፣ የደም ስኳርን የሚያወርደው የቆሽት ዕባጭ የመሰለ ሌላ ጣጣ መኖር አለመኖሩንም ሊያሳይ ይችላል፤ ዕጢዋ ስፋቷ በሚሊሜትር የሚቆጠር ስለሆነ ግን የሚይዘው እጅ የሠለጠነ መሆን አለበት። በተግባር ልምድ ያለው ሐኪም ሁለቱ ጎን እኩል የተራቆተና ብልቷ ያበጠ የአራት ዓመት ፌሬት ሲያይ ሕክምናውን በምልክቶቹ ብቻ ይጀምራል፣ በዚህም አልነቅፈውም። ገንዘቡ ውሱን ከሆነ ከሆርሞን ልኬት ይልቅ አልትራሳውንዱን አስቀድማለሁ።

ወደ ሕክምናው ስንመጣ ሁለት መንገድ አለ፤ የታመመችውን ዕጢ ማውጣት ወይም ከአንጎል የሚመጣውን ጥሪ ማፈን። ቀዶ ጥገናው የሚወሰነው በየትኛው ጎን ባለችው ዕጢ ነው። የግራዋ ስብ ውስጥ የተቀመጠች ስለሆነች ልምድ ያለው ሐኪም ያወጣታል። የቀኟ ከጉበት ሥር ተሸሽጋ ደምን ወደ ልብ ከሚመልሰው ትልቁ የደም ሥር ጋር ተጣብቃለች፤ እሷን ለማውጣት የሚደፍረው ጥቂቱ ነው። ሁለቱንም ማውጣት ደግሞ እንስሳውን በሕይወት ለመቆየት ከሚያስፈልጉት ሆርሞኖች ያራቁተዋል። ዕጢዋ ብትወጣም ጥሪው ስለማይቋረጥ የቀረችው ጎን በተራዋ ልትታመም ትችላለች። ይህም ሆኖ ውጤቱ መጥፎ አይደለም። በቀዶ ጥገና የታከሙ 130 ፌሬቶችን ታሪክ የተከታተለና እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ ጥናት ከመቶ 98ቱ አንድ ዓመት፣ 88ቱ ሁለት ዓመት በሕይወት መቆየታቸውን አሳይቷል።

ሁለተኛው መንገድ ብዙ ነገር ለውጧል። ሉፕሮላይድ የተባለው በመሠረቱ ለሰው የተሠራ መርፌ በየወሩ ገደማ ይሰጣል። ዴስሎረሊን የሩዝ ፍሬ የምታክል እንክብል ናት፤ በትከሻዎች መካከል ከቆዳ ሥር ትገባለች፣ እየሟሟችም ለወራት ትሠራለች። ሁለቱም አሠራራቸው የሚያስገርም ነው። የአንጎልን ጥሪ ከማስቆም ይልቅ ያበዙታል፤ ፒቱታሪ ያለማቋረጥ ሲጮኽባት ትደነዝዛለች፣ ለአድሬናል መልእክት ማስተላለፏንም ታቆማለች። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ አንድ ሁለት ሳምንታት ምልክቶቹ ሊብሱ ይችላሉ፤ ባለቤቱ ይህን አስቀድሞ ካልተነገረው መድኃኒቱ ጎዳት ብሎ ይደነግጣል። ከዚያ በኋላ የብልት እብጠቱና ማሳከኩ ይቀንሳል፣ ፀጉሩም ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ባለው ጊዜ መብቀል ይጀምራል። ባለ 4.7 ሚሊግራሙን እንክብል ከቀዶ ጥገና ጋር ያነጻጸረ እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ ጥናት ሕመሙ ተመልሶ እስኪመጣ ድረስ የቆየውን ጊዜ ለካ፤ በቀዶ ጥገና በአማካይ 13.6 ወር፣ በእንክብሉ 16.5 ወር ሆነ።

ይህን ቁጥር ይዘው ቀዶ ጥገና አበቃለት የሚሉ አሉ፤ እኔ አልስማማም። እንክብሉ ምልክቱን ያጠፋል እንጂ ዕባጩን ማጥፋቱ አያስተማምንም። አንዴ ራሱን የቻለ ዕባጭ ትእዛዝ ሳይጠብቅ ማደጉን ሊቀጥል ይችላል፣ ፀጉሯ ያማረ ፌሬት ሆድ ውስጥም ካንሰር ሊሰፋ ይችላል። ስለዚህ ዕድሜዋ ለጋ ለሆነ፣ የግራ ዕጢዋ ብቻ ለታመመና ሌላ ሕመም ለሌላት ፌሬት ቀዶ ጥገናው አሁንም ክብደት አለው፤ ብዙ ሐኪሞች ሁለቱን አጣምረው ይሰጣሉ። የቀኝ ዕጢዋ ለታመመ ወይም ዕድሜዋ ለገፋ እንክብሉ ይበልጣል። ሜላቶኒን የተባለው በጨለማ የሚበዛ ሆርሞን ርካሽ ነው፣ ፀጉርም ይመልሳል፤ ብቻውን ከተሰጠ ግን ባለቤቱን ከማጽናናት ብዙም አያልፍም። ለውሻ የአድሬናል ሕመም የሚሰጡት ማይቶቴንና ትሪሎስቴን የተባሉ መድኃኒቶች በዚህ በሽታ ላይ ቦታ የላቸውም።

አንድ ነገር በጥሞና ይታይ። አድሬናሏ የታመመ ፌሬት ብዙ ጊዜ ቆሽቷ ላይ ኢንሱሊን የሚያመርት ዕባጭም አለባት። ስኳሯ ሲወርድ ፈዝዛ ታያለች፣ ምራቋ ይዝረበረባል፣ አፏን በእግሯ ትቧጭራለች፣ የኋላ እግሮቿ ይከዷታል። ማደንዘዣ ከመሰጠቷ በፊት ይህ መጣራት አለበት። ምግብ በአንጀቷ ውስጥ የሚቆየው ሦስት ወይም አራት ሰዓት ብቻ ስለሆነ እንደ ውሻ ሌሊቱን ሙሉ ማስጾም አደጋ ነው።

መከላከልን በተመለከተ ሁለት ነገር ይነሳል። አንዱ ብርሃን ነው። የፌሬት የመራቢያ ሥርዓት በቀን ርዝመት የሚመራ ነው፤ ጨለማ ሜላቶኒንን ያበዛል፣ ሜላቶኒንም የአንጎልን ጥሪ ይገታል። ቤተሰቡ እስከ እኩለ ሌሊት በሚያመሽበት ሳሎን የምትኖር ፌሬት ዓመቱን ሙሉ ፀደይ ላይ ናት። ጎጆዋን በፀሐይ መጥለቂያ ላይ ማጨለም ምንም አያስወጣም፣ አይጎዳም፤ ሕመሙን ለማስቀረቱ ግን ዋስትና የለም። ሁለተኛው፣ ይበልጥ ተስፋ የሚጣልበት፣ ከመጀመሪያውኑ በቢላዋ ፈንታ በእንክብል ማምከን ነው። ዴስሎረሊን የመራቢያ ዕጢውንም ሆነ ከአንጎል የሚመጣውን ጥሪ አብሮ ስለሚያስተኛ ጎረቤቷ ዘንድ የሚደርስ ጩኸት የለም። የኡትሬክት ሐኪሞች ይህን መንገድ ካስተዋወቁት መካከል ናቸው፤ በአውሮፓ ባለ 9.4 ሚሊግራሙ እንክብል ወንድ ፌሬትን ለጊዜው ለማምከን በይፋ ተመዝግቧል።

በአሜሪካ ነገሩ ይጠማዘዛል። ሱፕረሎሪን ኤፍ የሚባለው የዴስሎረሊን እንክብል እ.ኤ.አ. በ2012 ለፌሬት የአድሬናል ሕመም ማስታገሻ የተፈቀደው በሙሉ ፈቃድ ሳይሆን ቁጥራቸው አነስተኛ ለሆኑ የእንስሳት ዝርያዎች በተዘጋጀ ልዩ መዝገብ አማካይነት ነው። በዚህ መዝገብ ያሉ መድኃኒቶች ከተጻፈላቸው ዓላማ ውጪ እንዲሰጡ ሕጉ አይፈቅድም። ስለዚህ ሐኪሙ በዚህ እንክብል የታመመችውን ፌሬት ማከም ይችላል፣ ጤናማዋን እንዳትታመም ማድረግ ግን አይችልም፤ በልጅነቷ የመከነች ግልገል ምልክት እስኪታይባት መጠበቅ አለባት። ይህን የሚመስለውን የሕግ ክፍተት የሚያነሳው ሰው ትንሽ መሆኑ ይገርመኛል። ችግሩን የሚፈጥረው እርባታ የሕክምናውን ወጪ አይከፍልም፣ የሚከፍለው ባለቤት ደግሞ እርባታው ምን እንዳደረገ አያውቅም።

የፌሬት ግልገል ለልጁ ለመግዛት ያሰበ ወላጅ ከግዢው ዋጋ ጎን ለጎን ከሦስተኛ ዓመቷ ጀምሮ በዓመት ሁለት ጊዜ የሚደረግ ምርመራና በዓመት አንዴ ገደማ የሚደገም እንክብል ሒሳብ ውስጥ ያስገባ። በከተማው ፌሬት የሚያይ ሐኪም ካለም ቀድሞ ያጣራ፤ ውሻና ድመት የሚያክመው ሁሉ ፌሬትን አይቀበልም። የሌላ ሰው ፌሬት በጉዲፈቻ የሚወስድ ደግሞ ከክትባት ወረቀቱ ጋር አንድ ተጨማሪ ነገር ይጠይቅ፦ የመጨረሻው እንክብል የገባበት ቀን። ያ ቀን ከሌለ ምልክቶቹ መቼ እንደሚመለሱ የሚያውቅበት መንገድ ስለማይኖረው፣ ወደ ቤት በገባች በመጀመሪያው ሳምንት ሐኪም ዘንድ ወስዶ ሁለቱንም ዕጢዎቿን በአልትራሳውንድ ያሳይ።